የባለሙያ ምላሽ፦ ስማች በከርነል የምስጠራ ድራይቨር ላይ "ሜሞሪ ይፈሳል" አለኝ፤ ስጠግነው ሌላ ስህተት መጣ

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ በኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የመመረቂያ ሥራዋን ከምትሠራ ተማሪ ነው። ለአዲስ አንባቢ፦ ስማች ኮድን ሳያስኬድ ስህተት የሚፈልግ መሣሪያ ነው፤ ኤችማክ መልእክትን በምስጢር ቁልፍ የማረጋገጫ ስልት ነው፤ ባፈር ለጊዜው የተያዘ ሜሞሪ ነው፣ ኬፍሪ ይለቀዋል፤ ጎቱ ሌብል ወደተባለ የተሰየመ ቦታ ያዘልላል፤ ዴፕዝ 1 የኮዱን የመጨረሻ ቅጂ ያለ ታሪኩ ማውረድ ነው፤ ፓች ለከርነሉ ጠባቂዎች የሚላክ የኮድ ለውጥ ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ "የአንድ ምስጠራ አክስለሬተር የሊኑክስ ድራይቨር በስማች እየመረመርኩ ነው። የኤችማክ ቁልፍ በሚቀበለው ሴትኪ ፋንክሽን ውስጥ፣ መስመር 214 ላይ፣ ኪባፍ የሚባለው ባፈር ሊፈስ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ኬፍሪ ጨምሬ ወደ መጨረሻው ሌብል በጎቱ ላክሁት፤ አሁን ደግሞ ኪባፍ ሁለት ጊዜ ተለቋል ይለኛል። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሐሰት ነበር ማለት ነው? በኬፍሪ ፈንታ ኬፍሪ_ሴንሲቲቭ ልጠቀም? የስማችን ዳታቤዝ አልገነባሁም። ኔት ስለሚቆራረጥብኝ የከርነሉን ኮድ በዴፕዝ 1 ነው ያወረድኩት፤ ፓቹን በዚህ መላክ እችላለሁ?"

እህቴ፣ በቀጥታ ልመልስልሽ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሐሰት አልነበረም፤ ሁለተኛውም እውነት ነው። ባፈሩ መለቀቅ ነበረበት፣ ግን ሁለት ቦታ አይደለም። ከሁለቱም በላይ ያሳሰበኝ ስማች ያልጠቆመሽ ነገር ነው፦ ይህ ፋንክሽን ቁልፉ ሃርድዌሩ ጋ ሳይደርስ "ተሳክቷል" ብሎ 0 የሚመልስበት መንገድ አለው። ስለዚህ መስመር 214ን ለጊዜው ተዪውና ፋንክሽኑን ከላይ እስከ ታች፣ መውጫ በመውጫ እንየው።

ኮዱን ላላዩት አንባቢዎች፣ የላክሽው ፋንክሽን የሚሠራው ይህን ነው። መጀመሪያ በክሪፕቶ_አሎክ_ሻሽ የሻ256 ሃሽ (ማንኛውንም መረጃ ወደ 32 ባይት የሚያሳጥር ስሌት) ያዘጋጃል፤ ውጤቱን ቲኤፍኤም በሚባል ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ይይዛል። ቀጥሎ ሜሞሪ በሚሰጠው በኬማሎክ 64 ባይት ይጠይቅና ኪባፍ ይለዋል። ቁልፉ ከ64 ባይት ከበለጠ ሃሽ አድርጎ 32 ባይት ያደርገዋል፤ ካልበለጠ እንዳለ ይገለብጠዋል። ይህ ራሱ የኤችማክ ሕግ ነው፤ 64 የሻ256 የብሎክ መጠን ነው፣ የጎደለው በዜሮ ይሞላል። ከዚያ ባፈሩን ለዲኤምኤ (ሃርድዌሩ ሜሞሪን በቀጥታ ለሚያነብበት መንገድ) ማፕ ያደርጋል፣ ለሃርድዌሩ ትእዛዝ ይልካል፣ ሃርድዌሩ እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ አንማፕ ያደርጋል (ማፑን ያነሳል)። መጨረሻ ላይ "አውት" በሚለው ሌብል ስር ኪባፍን በኬፍሪ፣ ቲኤፍኤምን በክሪፕቶ_ፍሪ_ሻሽ ለቅቆ ኤረር የሚለውን ተለዋዋጭ ይመልሳል።

አሁን መውጫዎቹን ቁጠሪ። የስህተት መውጫ አምስት አለው።

የመጀመሪያው ቲኤፍኤም ካልተገኘ የሚወጣበት ነው። ኮዱ የሚጠይቀው "ቲኤፍኤም ነል (ባዶ ፖይንተር) ነው?" ብሎ ነው። ክሪፕቶ_አሎክ_ሻሽ ግን ሲከሽፍ ነል አይመልስም፤ የስህተቱን ቁጥር በፖይንተር መልክ ነው የሚመልሰው። ከርነሉ የአድራሻውን መጨረሻ 4095 ቁጥሮች ለዚህ አስቀርቷል። ለምሳሌ የሻ256 ሞጁል ባይኖርና ስህተቱ −2 ቢሆን፣ በ64 ቢት ማሽን ላይ ቲኤፍኤም 18446744073709551614 የሚል አድራሻ ይዞ ይመለሳል። ነል ስላልሆነ ቼኩን ያልፋል፤ የሚቀጥለው መስመር እንደ እውነተኛ ፖይንተር ሲከፍተው ከርነሉ ይወድቃል። ትክክለኛው ቼክ ኢዝ_ኤረር ነው፤ የሚመለሰውም በጭፍን −12 (ሜሞሪ የለም) ሳይሆን ፒቲአር_ኤረር የሚያወጣው ቁጥር መሆን አለበት። ስማች ለዚህ "ፖይንተሩ ወይ ስህተት ነው ወይ ትክክል፣ ነል አይሆንም" የሚል ማስጠንቀቂያ አለው። አንቺ ጋ ያልወጣው ዳታቤዙን ስላልገነባሽ ነው፤ ፋንክሽኑ ሌላ ፋይል ውስጥ ስላለ ምን እንደሚመልስ ከአንድ ፋይል ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

ሁለተኛው ኬማሎክ ሲከሽፍ ነው። ኮዱ በቀጥታ −12 ይመልሳል፤ ቲኤፍኤም ግን ተይዞ ይቀራል። ስማችም እዚህ ላይ ዝም ብሏል፤ የሜሞሪ መፍሰስ ቼኩ በዋናነት ዓይኑን የሚጥለው እንደ ኬማሎክ ባሉት ላይ እንጂ እያንዳንዱ የከርነል ክፍል ለራሱ ባበጃቸው የመያዣና የመልቀቂያ ጥንዶች ላይ አይደለም።

ሦስተኛው ያንቺ መስመር 214 ነው። ቁልፉ ከ64 ባይት በልጦ ሃሽ ማድረጉ ሲከሽፍ "ሪተርን ኤረር" ይላል፤ ኪባፍም ቲኤፍኤምም ይቀራሉ። አንቺ ይህንን "ኬፍሪ ኪባፍ፣ ከዚያ ጎቱ አውት" አደረግሽው። አውት ግን ራሱ ኬፍሪ አለው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተለቀቀ። ይህ ከፊተኛው ይብሳል፦ መፍሰስ ሜሞሪ ያባክናል፣ ሁለት ጊዜ መልቀቅ ግን አሎኬተሩን (ሜሞሪ አዳዩን) ራሱን ያበላሻል፤ ያው 64 ባይት በኋላ ለሁለት የተለያዩ ባለቤቶች ሊሰጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ለማጥፋት ብቻ የሚገባ ኬፍሪ የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ዲኤምኤ ማፕ ከተደረገ በኋላ ኮዱ ዲኤምኤ_ማፒንግ_ኤረርን ይጠይቃል፤ ከከሸፈ "ጎቱ አውት"። ሜሞሪው በትክክል ይለቀቃል፣ ስለዚህ ስማችም አንቺም አልፋችሁታል። ግን በዚያ ሰዓት ኤረር ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ከላይ "ኢንት ኤረር = 0" ተብሎ ተጀምሯል፤ በሃሽ መንገድ ከመጣም ሃሹ ስለተሳካ 0 ነው። ስለዚህ ፋንክሽኑ 0 ይመልሳል። የጠራው ክፍል ቁልፉ ተጭኗል ብሎ ያምናል፤ ሃርድዌሩ ውስጥ ያለው ግን የቀድሞው ቁልፍ ነው፣ ወይም ምንም የለም። ከዚያ በኋላ የሚወጣው የማረጋገጫ ኮድ በሙሉ በተሳሳተ ቁልፍ የተሠራ ይሆናል፤ የሚጮህ ነገር የለም፣ ሎግ ላይም አይታይም። ጥገናው አንድ መስመር ነው፦ ከጎቱው በፊት ኤረር −12 ይሁን። አብሮ መነሳት ያለበት ደግሞ ከላይ ያለው "= 0" ነው። ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ይጽፈዋል፤ በተግባር ግን ተለዋዋጩ ዋጋ ሳይሰጠው የሚወጣበትን መንገድ ኮምፓይለሩም ሆነ ስማች እንዳያሳዩሽ ዓይናቸውን ይሸፍናል። ዜሮውን ካነሳሽ በኋላ በመገልበጫው መንገድ በኩል "ዋጋ ያልተሰጠው ተለዋዋጭ" የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ፣ መሣሪያው ሥራውን እየሠራልሽ ነው።

አምስተኛው ሃርድዌሩ ትእዛዙን ሲያከሽፍ ነው። ኤረር ልክ ነው፣ ግን ወደ አውት ሲዘል አንማፑን ይዘልለዋል። ማፑ ከተሳካ በኋላ ያለ መውጫ ሁሉ በአንማፕ በኩል ማለፍ አለበት።

እንግዲህ ሥራው አንድ "አውት" ከሚል ሌብል ይልቅ እያንዳንዱ ሌብል አንድ ነገር እንዲለቅ ማድረግ ነው። የተያዘው በቲኤፍኤም፣ ኪባፍ፣ ዲኤምኤ ቅደም ተከተል ነው፤ የሚለቀቀው ተገልብጦ ነው፦ መጀመሪያ አንማፕ፣ ከዚያ ኪባፍ፣ መጨረሻ ቲኤፍኤም። ሌብሎቹንም በሚሠሩት ሥራ ሰይሚያቸው፤ "አንማፕ"፣ "ፍሪ_ኪባፍ"፣ "ፍሪ_ቲኤፍኤም"። ኬማሎክ ሲከሽፍ ወደ ፍሪ_ቲኤፍኤም፣ ሃሹ ወይም ማፑ ሲከሽፍ ወደ ፍሪ_ኪባፍ፣ ሃርድዌሩ ሲከሽፍ ወደ አንማፕ ይዘላል። የተሳካውም መንገድ በነዚሁ በኩል ይወርዳል። በመሃል አንድም ኬፍሪ፣ አንድም ሪተርን አይቀርም፤ ቲኤፍኤም ሲከሽፍ ያለው የመጀመሪያው ሪተርን ብቻ ይቆያል፣ ምክንያቱም እዚያ ገና የተያዘ ነገር የለም። ያን ሪተርን ወደ ፍሪ_ቲኤፍኤም ላድርገው ብለሽ እንዳታስቢ፤ የስህተት ፖይንተር ለክሪፕቶ_ፍሪ_ሻሽ መስጠት በሰላም የሚታለፈው እ.ኤ.አ. በ2021 ውስጡ ቼክ ከገባለት ወዲህ ነው፣ ጥገናሽ ደግሞ ወደ ቆዩ ከርነሎች ሊወሰድ ይችላል።

በዚሁ ምክንያት አዲሱን ራስ ሰር ማጽጃ፣ ከተለዋዋጩ ጋር "ፍሪ" ተብሎ የሚታወጀውን፣ ለዚህ ጥገና አልመክርም። መሣሪያው ጥሩ ነው። ግን እዚህ ጎቱ አለ፤ ሁለቱን በአንድ ፋንክሽን ውስጥ መቀላቀልን የከርነሉ ሰነድ ራሱ አትቀላቅሉ ይላል። መጠገንና ማሳመር አንድ ፓች ውስጥ ባይገናኙ ይሻላል።

ኬፍሪ ወይስ ኬፍሪ_ሴንሲቲቭ? ኬፍሪ_ሴንሲቲቭ፣ ያለ ጥርጥር። ምክንያቱን በቅርብ እንየው። ኬፍሪ ባፈሩን "ባዶ ነው" ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ አያጸዳውም። የተለቀቀው 64 ባይት ላይ አሎኬተሩ የሚጽፈው ቀጣዩን ባዶ ቦታ የሚያመለክት 8 ባይት ፖይንተር ነው። የቀረው 56 ባይት የቁልፍሽ ይዘት እንዳለ እዚያው ይተኛል፤ ቀጥሎ 64 ባይት በኬማሎክ የሚጠይቅ ማንኛውም የከርነል ክፍል ይዞት ሊነሳ ይችላል። ያ ክፍል ሳያጸዳ ወደ ተጠቃሚው ፕሮግራም ቢገለብጠው ቁልፉ ወጣ ማለት ነው። ኬፍሪ_ሴንሲቲቭ መጀመሪያ የባፈሩን ሙሉ መጠን ዜሮ ያደርጋል፣ ከዚያ ይለቃል። በቆዩ ከርነሎች ኬዝፍሪ ይባል ነበር፤ ስሙ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ነል ቢሰጠውም ችግር የለም።

ሜምሴት አድርጌ ቀጥዬ ኬፍሪ ብልስ የምትዪ ከሆነ፣ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ባፈሩን የሚያነብ ስለሌለ ኮምፓይለሩ ሜምሴቱን ከንቱ ነው ብሎ ሊያወጣው መብት አለው፤ ሶርሱ ላይ ታዪዋለሽ፣ ባይነሪው ውስጥ ግን ላይኖር ይችላል። ስታክ ላይ ያለ የቁልፍ ቅጂ ካለሽ ደግሞ ኬፍሪ ስለማይነካው ሜምዜሮ_ኤክስፕሊሲት ነው የሚያስፈልገው፤ እሱ ኮምፓይለሩ እንዳያወጣው ሆኖ የተሠራ ነው። ኮክሲኔልም (በኮድ ውስጥ የተወሰነ አጻጻፍ የሚፈልግ መሣሪያ) ለዚህ የተዘጋጀ ስክሪፕት ከከርነሉ ጋር አለው፤ በሜክ ኮክሲቼክ፣ ኤም በሚለው አማራጭ የድራይቨርሽን ፎልደር ብቻ ሰጥተሽ አስኪጂው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጽዳቱ ከአንማፕ በኋላ ይሁን። ባፈሩ ማፕ ተደርጎ እያለ የሃርድዌሩ ነው። ሃርድዌሩ ሳያነብ ብታጸጂው ቁልፍ ብሎ የሚወስደው 64 ዜሮ ባይቶችን ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መፍሰስ እጠግናለሁ ብለሽ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቁልፍ ጫንሽ ማለት ነው። ያንቺ ድራይቨር ሃርድዌሩ እስኪጨርስ ስለሚጠብቅ ደህና ነው። ካልጠበቀና በኮልባክ (ሥራው ሲያልቅ በሚጠራ ፋንክሽን) የሚጨርስ ቢሆን ኖሮ ልቀቱ ወደ ኮልባኩ መሄድ ነበረበት።

በነገራችን ላይ ኬማሎኩን በዜሮ ሞልቶ ወደሚሰጠው ወደ ኬዝአሎክ ቀይሪው። 20 ባይት ቁልፍ ሲመጣ የቀረው 44 ባይት በዜሮ መሞላት አለበት፤ የላክሽው ኮድ ይህን የሚያደርገው በአንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ የሚባለው መቼ ነው የሚለውም መልስ ይገባዋል። ስማች "ይፈሳል" ሲል፣ ፖይንተሩ ከፋንክሽኑ ውጪ በሚቆይ ቦታ ተቀምጦ እንደሆነ ተመልከቺ። በኮንቴክስት ስትራክቸሩ ውስጥ ተቀምጦ ኤግዚት ፋንክሽኑ የሚለቀው ከሆነ መፍሰስ የለም። በዴቭኤም ቤተሰብ (ከመሣሪያው ዕድሜ ጋር በታሰሩ ፋንክሽኖች) የተያዘ ከሆነም መሣሪያው ሲነቀል ራሱ ይለቀቃል፤ እዚያ ላይ ኬፍሪ መጨመር ሁለት ጊዜ መልቀቅን ይፈጥራል። ኪባፍ ግን የትም አልተቀመጠም፣ ከዚህ ፋንክሽን ውጪ የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህ መስመር 214 እውነተኛ ነው።

ፈተናውን በዚህ መልክ አድርጊ። በመጀመሪያ ያልተነካውን ኮድ በስማች የኬቼከር ስክሪፕት አስኪጂና ውጤቱን በፋይል አስቀምጪ፤ ከጥገናው በኋላ ደግመሽ አነጻጽሪ። በሜክ ላይ ደብሊው 1 ጨምረሽ ኮምፓይል አድርጊ፣ ቀጥሎ በሲ 2 ስፓርስን (ሌላ የኮድ መመርመሪያ) አስኪጂ፤ ሲ 1 አዲስ ኮምፓይል የሚሆኑትን ብቻ ነው የሚያየው። ሙሉውን የስማች ዳታቤዝ መገንባት ሰዓታት ይፈልጋል፤ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ወይም የማይጠፋ ማሽን ካገኘሽ ገንቢው፣ የመጀመሪያውን መውጫ ዓይነት ስህተት በሌሎች ፋይሎችም ያሳይሻል።

ሃርድዌሩ እጅሽ ላይ ካለ ከርነሉን በካሳን (የተሳሳተ የሜሞሪ አጠቃቀምን በሚይዘው) እና በኬሜምሊክ (የሚፈስ ሜሞሪን በሚፈልገው) ገንቢ። ሴትኪን ከፓይተን መጥራት ይቻላል፦ ኤኤፍ_ኤኤልጂ ሶኬት (ፕሮግራም የከርነሉን ምስጠራ የሚጠራበት በር) ከፍተሽ፣ ዓይነቱን ሃሽ፣ ስሙን ኤችማክ ሻ256 አድርገሽ፣ በሴትሶክኦፕት 100 ባይት ቁልፍ ስጪው። 100 ያልኩት ከ64 እንዲበልጥና በሃሹ መንገድ እንዲያልፍ ነው። ስምሽ በትክክል ያንቺን ድራይቨር እየመረጠ መሆኑን በፕሮክ ስር ባለው ክሪፕቶ ፋይል አረጋግጪ፤ "ሰልፍቴስት፦ ፓስድ" የሚለውንም እዚያው ታገኚዋለሽ። ሻ256 በሶፍትዌር ሲሠራ በተግባር ስለማይከሽፍ፣ መስመር 214ን ለማስነሳት ከሃሹ በኋላ ለጊዜው ኤረርን −5 አድርጊው፣ ፈትነሽ አጥፊው። የሜሞሪ ክሽፈትን ግን ፌይልስላብ በትክክል ይፈጥርልሻል፤ በፌይል_ኤንዝ ፋይል ውስጥ 1፣ 2፣ 3 እያልሽ እየጨመርሽ ጻፊ፣ መልሰሽ ስታነቢው 0 ከሆነ ክሽፈቱ ተከስቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ምንም አይከሰትበትም። ምክንያቱ ኢግኖር_ጂኤፍፒ_ዌይት የሚለው ሲጀመር "ዋይ" ስለሆነ ነው፤ "ኤን" ካላደረግሽው ሊተኙ (ሜሞሪ እስኪገኝ ሊጠብቁ) የሚችሉትን ጥያቄዎች፣ ማለትም ያንቺን ኬማሎክ፣ ይዘልላቸዋል። ኬሜምሊክም 5 ሴኮንድ ያልሞላውን ባፈር አይቆጥርም፤ ትንሽ ቆይተሽ ሁለት ጊዜ ስካን በይው።

ሃርድዌሩ ከሌለሽ አታስመስዪ። በኮሚት (በጊት የተመዘገበ ለውጥ) መልእክቱ "ኮምፓይል ብቻ ተደርጎ ተፈትኗል" ብለሽ ጻፊ። ይህ አያሳፍርም፤ ገምጋሚው የት ላይ ማተኮር እንዳለበት ይነግረዋል።

ፓቹን በሦስት ክፈዪው፦ አንዱ የኢዝ_ኤረር ቼክ፣ አንዱ የመልቀቂያ ሌብሎቹና ኬፍሪ_ሴንሲቲቭ፣ አንዱ የጠፋው የስህተት ቁጥር። ኬዝአሎኩ የሚጠግነው ሌላ ችግር ስለሆነ አራተኛ ቢሆን ይመረጣል። የጠፋውን የስህተት ቁጥር አስቀድሚው፤ ትንሽና ወደ ቆዩ ከርነሎች በቀላሉ የሚሄድ ነው። መልእክቱ ውስጥ "ስማች እንዲህ አለ" ብቻ አይበቃም፤ ምን ሲሆን ምን እንደሚበላሽ ጻፊ። መሣሪያውን ራስሽ ስላስኬድሽ ሪፖርትድ-ባይ መስመር አያስፈልግሽም፣ የስማችን ስም መጥቀስ ይበቃል። ሲቪኢ (የደህንነት ቀዳዳ መለያ ቁጥር) አትጠይቂ፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ቁጥር የሚሰጠው የከርነሉ ቡድን ራሱ ነው።

አሁን ዴፕዝ 1። በዚህ ቅጂ ኮዱን መጠገን ትችያለሽ፣ ፊክስስ የሚለውን መስመር ግን መጻፍ አትችዪም። ያ መስመር ስህተቱን ያስገባውን ኮሚት የመጀመሪያ 12 ፊደላትና ርዕሱን ይፈልጋል። ታሪክ በሌለው ቅጂ ላይ ጊት ብሌም (እያንዳንዱ መስመር በየትኛው ኮሚት እንደገባ የሚያሳየው ትእዛዝ) ስትዪ ፋይሉ በሙሉ በአንድ ኮሚት የተጻፈ ሆኖ ይታይሻል፤ ከቁጥሩ ፊት ያለችው የባርኔጣ ምልክት ታሪኩ እዚያ ተቆርጧል ማለቷ ነው። እሱን ፊክስስ ብለሽ ከላክሽ የቆዩ ከርነሎች ጠባቂዎች ጥገናው አይመለከተንም ብለው ያልፉታል። ብሎቦችን (የፋይል ይዘቶችን) ትቶ የሚወርደው ቅጂም ለብሌም አይመችም፤ የጎደለውን እያንዳንዱን ፋይል ከኔት እየጠራ ያዘገይሻል።

ጊት ክሎን መሃል ላይ ሲቋረጥ ከዜሮ ይጀምራል። ከርነል ዶት ኦርግ ግን ክሎን ዶት ባንድል የሚባል አንድ ትልቅ ፋይል አዘጋጅቷል። ያንን በደብልዩጌት፣ በሲ አማራጭ አውርጂው፤ ኔት ሲቋረጥ ያቆመበት ቦታ ይቀጥላል። ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ሌሊት ለሌሊት መተው ነው፤ ወርዶ ሲያልቅ ከባንድሉ ላይ ክሎን አድርጊ፣ ሪሞቱን ወደ እውነተኛው አድራሻ ቀይሪ፣ የቀረችውን ትንሽ ልዩነት ፌች አድርጊ። ጓደኞችሽም ከዚያው ከፍላሽ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ካምፓስ ውስጥ አንድ ሰው ካወረደው ለሁሉም ይበቃል።

ከመላክሽ በፊት ቼክፓች (የፓች አጻጻፍ መርማሪ) በስትሪክት አስኪጂ፣ ተቀባዮቹን በጌት_ሜንቴይነር አውጪ። የዚህ ክፍል ሜንቴይነር (ፓች የሚቀበል ኃላፊ) ኸርበርት ሹ ነው፤ ርዕሱ "ክሪፕቶ፦ የድራይቨሩ ስም - " ብሎ ይጀምራል። በጂሜል ድረ ገጽ ለጥፈሽ አትላኪ፤ ታቡን ያበላሻል፣ በኤችቲኤምኤል የተላከ ደብዳቤም የከርነሉ የኢሜይል ዝርዝር ላይ አይገባም። በጊት ሴንድ-ኢሜይል፣ በፖርት 587፣ መጀመሪያ ለራስሽ ላኪና የደረሰሽን በጊት ኤኤም መልሰሽ ክተቺ፤ ከገባ ለሌሎችም ይገባል። ከአራቱ ሁለቱ ሄደው ኔት ቢጠፋ ሁሉንም ደግመሽ አትላኪ፤ የቀሩትን ሁለት ብቻ፣ ኢን-ሪፕላይ-ቱ በሚለው አማራጭ የመጀመሪያውን ደብዳቤ መለያ ሰጥተሽ ላኪያቸው። መልስ ካልመጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቀሽ አስታውሺ። እርማት ከመጣ ቪ2 ብለሽ፣ የቀየርሽውን ከሦስቱ ሰረዞች በታች ጽፈሽ መልሺ።